የስኮትላንድ ማዕድ በላስታ አፋፍ

በላሊበላ ከተማ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሸንተረሩ ተቆርጦ ገደል በሚሆንበት ቦታ፣ ከሩቅ ሲያዩት ምንነቱ ግራ የሚያጋባ ሕንፃ አለ። መሐሉ ላይ ጠመዝማዛ መወጣጫ፣ ዙሪያውን ከፍና ዝቅ ያሉ ሰገነቶች፣ ከሥራቸው ሸለቆ። ቤን አበባ የተባለ ምግብ ቤት ነው፤ «ቤን» ስኮትላንዶች ተራራን የሚጠሩበት ነው፣ አበባው የእኛው ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ሱዛን ኤይቺሰን የተባሉ ስኮትላንዳዊትና ኢትዮጵያዊው አጋራቸው ሀብታሙ ባዬ ናቸው። ኤይቺሰን በአገራቸው የቤት አያያዝና የምግብ ዝግጅት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ወደ ላስታ ያመጣቸው ጉዳይም መጀመሪያ ትምህርት ቤት እንጂ ምግብ ቤት አልነበረም።

ብዙ የአገሬው ሰው እንዲህ ያለውን ቤት «የፈረንጅ ነው» ብሎ በደጁ ያልፋል። ዋጋው ያስፈራል፤ ከዋጋው በላይ ግን የሚያስፈራው አለማወቁ ነው፦ ሜኑው ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? ስንት ነገር ነው የሚታዘዘው? ጾም ቢሆንስ? ባንኮኒው ላይ የተደረደረው ጠርሙስ ሁሉ ለምን ይሆን? ነገሩን አንድ በአንድ ብናየው የዘመኑ የብሪታንያ ምግብ ቤት መሠረቱ በአካባቢው የሚገኘውን ምርት ሳያበላሹ ማቅረብ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ ደግሞ ላስታ ከለንደን የምትበደረው ብዙ የላትም።

የእንግሊዞች ምግብ ለረጅም ዘመን የዓለም መቀለጃ ነበር። ለቀልዱ ምክንያት አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳቢያ ከ1940 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ውስጥ ምግብ በራሽን ይታደል ነበር። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ስኳር ሁሉ በኩፖን ሆነ። አሥራ አራት ዓመት ማለት አንድ ትውልድ በቂ ቅቤ ያለው ወጥ ቤት ሳያይ የሚያድግበት ጊዜ ነው። ባለሙያዎቹ እናቶች አብቃቅቶ ማብሰልን ተካኑ፣ የቀድሞው ሙያ ግን ከእጅ ወጣ። ኤልሳቤጥ ዴቪድ የተባለችው ጸሐፊ በ1950 ስለ ሜዲትራንያን አገሮች ምግብ መጽሐፍ ስታወጣ፣ የወይራ ዘይት ለብዙ እንግሊዛዊ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የጆሮ መድኃኒት ነበር። ከዚያ በኋላም ለዓመታት ጥሩ ሬስቶራንት ማለት የፈረንሳይ ሬስቶራንት ሆኖ ቆየ።

ለውጡ ጎልቶ የታየው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በ1991 ለንደን ክላርከንዌል ሰፈር ውስጥ «ዘ ኢግል» የተባለውን አሮጌ መጠጥ ቤት ሁለት ሰዎች ተረከቡና ቢራውን ሳይተዉ ደህና ምግብ መሥራት ጀመሩ። የዕለቱ ምግብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ ሲያልቅ ይጠፋል። ዛሬ ጋስትሮፐብ የሚባለው ዓይነት ቤት መነሻው ይኸው ነው። በ1994 ደግሞ ፈርገስ ሄንደርሰን ከስሚዝፊልድ የሥጋ ገበያ አጠገብ «ሴንት ጆን»ን ከፈተ። የሄንደርሰን እምነት አጭር ነው፤ እንስሳ ከታረደ ከአፍንጫው እስከ ጭራው መበላት አለበት። የተጠበሰ ቅልጥም ከፓርስሊ ሰላጣና ከዳቦ ጋር አቀረበ፣ ምላስና ጨጓራ አቀረበ፣ የለንደን ጋዜጦች አብዮት ነው አሉ። የበግ ዱለት እየበላ ላደገና ቅልጥም ለመምጠጥ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ለተጣላ ወሎዬ የሚደንቀው የእነሱ መደነቅ ነው።

ቤን አበባ ስሙ ከሚነሳባቸው ምግቦች አንዱ ሸፐርድስ ፓይ ነው፤ የእረኛ ምግብ። የተፈጨ የበግ ሥጋ ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር በቀስታ ይቁላላል፣ መረቁ እስኪወፍር ይንተከተካል፣ ከዚያ መጋገሪያ ሳህን ላይ ይገለበጣል። ላዩ በወተትና በቅቤ በተፈጨ ድንች ይሸፈናል፤ ድንቹ በሹካ ይሸነተርና ኦቨን ገብቶ ጫፍ ጫፉ ቡናማ እስኪሆን ይጋገራል። በበሬ ሥጋ ሲሠራ ስሙ ይቀየርና ኮቴጅ ፓይ ይባላል። መነሻው የድሃ ቤት ብልሃት ነው፤ ከእሑድ ጥብስ የተረፈችው ሥጋ ሰኞ በድንች በርክታ ለቤተሰቡ ሁሉ ትደርሳለች።

አሁን ይህን ምግብ በላስታ መሬት ላይ እንበትነው። በጉ የደጋው ነው፣ ሲግጥ የኖረውም ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ባለው ሣር ላይ ነው። ድንቹ እንግዳ ቢመስልም ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሯል፤ በ1858 እ.ኤ.አ. ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። እንግሊዞች ለዚህ ወጥ የሚጨምሩት ቅጠል በደጋው ገደላ ገደል ላይ በራሱ የሚበቅለው ጦስኝ ነው፤ ሌላው ደግሞ የጥብስ ቅጠል። እኛ ጦስኝን ለሻይ ብቻ የምንቆጥበው ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ ከበግ ጋር ሲበስል ሽታው ሌላ ነው። አንድ የሚቀየር ነገር ያለው የስኮትላንድን ስም በያዘ ሌላ ምግብ ላይ ነው። ስኮች ኤግ የተቀቀለ እንቁላል በተፈጨ ሥጋ ተጠቅልሎ፣ በደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ ተለብጦ በዘይት የሚጠበስ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ሥጋው የአሳማ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገር ግን ቦታውን በግ ወይም በሬ ይወስዳል። የበሬው ደረቅ ስለሚሆን የበጉ ይሻላል።

ወጥ ቤት ውስጥ ትልቁ ችግር ማንም እንግዳ የማያየው ነው፤ ከፍታው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል ብሎ መያዝ ይቻላል። ስለዚህ ላሊበላ ውስጥ የሚንፈቀፈቅ ውሃ 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳቱን ቢያበረቱት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ አይሞቅም። ለንደን ላይ ሃያ ደቂቃ የሚበቃው ድንች እዚህ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይወጣል፣ ፈጪዋንም ያስጨንቃል። በሳል ባለሙያ ወይ ቀድማ ትጥዳለች፣ ወይ በፕሬዠር ኩከር ትቀቅላለች። እንግሊዞች አጥብቀው የሚወዱት ጥቁር ሻይም ሙሉ ለሙሉ የፈላ ውሃ ነው የሚፈልገው፤ እዚህ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ካልተዘፈዘፈ ቀለሙ እንጂ ጣዕሙ አይወጣም። ኬክ ደግሞ በተቃራኒው ይሮጣል። ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ይነፋና ሳይጠና መሐሉ ይሰምጣል። መፍትሔው ቤኪንግ ፓውደሩንና ስኳሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር ማድረግ ነው። እንቁላሉም የራሱ ሒሳብ አለው። የአገር ዶሮ እንቁላል 40 ግራም ገደማ ሲመዝን የብሪታንያ መካከለኛ እንቁላል ከ53 ግራም ይጀምራል፤ መጽሐፉ ሦስት ሲል እጅ አራት መስበር አለበት። እንዲህ ያለውን በየወጥ ቤቱ ለወጣቶች የሚያስረዳ ሰው ሲገኝ ነው የውጭ ምግብ አገር ውስጥ የሚለምደው።

ጾምን ሳያውቅ ላሊበላ ላይ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ቶሎ ይዘጋል። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ከገና በፊት የነቢያት ጾም አለ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተት፣ ቅቤና እንቁላልም አይቀርብም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፈረንጅ «ቬጀቴሪያን» ብሎ ሜኑ ላይ የሚጽፈው ምግብ ሥጋ የለበትም ማለት እንጂ የጾም ነው ማለት አይደለም፤ ውስጡ አይብ፣ ክሬም ወይም እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ አስተናጋጁን «የጾም ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ቅቤና ወተት ገብቶበታል? በየትኛው ዘይት ነው የተጠበሰው?» ማለት ያስፈልጋል። የእረኛው ምግብ በጾም አይሞትም። እዚያው ብሪታንያ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች በሥጋው ቦታ ምስር ያደርጋሉ፤ የእኛ ድፍን ምስር በጦስኝ ተቁላልቶ፣ ድንቹ በወተት ፋንታ በዘይትና በራሱ መቀቀያ ውሃ ከተፈጨ የተሟላ የጾም ምግብ ነው። እኔ እንዲያውም ከሥጋው ይልቅ ይኼኛውን ሳልመርጥ አልቀርም።

ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። የእኛ ገበታ ሁሉን በአንድ ጊዜ ያቀርባል፤ ወጡ፣ አልጫው፣ አይቡ አንድ እንጀራ ላይ ይወርዳሉ፣ ሰው ሁሉ ከአንድ መሶብ ይቆርሳል። የአውሮፓው አቀራረብ በተራ ነው፦ መጀመሪያ አፍ መክፈቻ፣ ቀጥሎ ዋናው፣ በመጨረሻ ጣፋጭ። ሦስቱንም የማዘዝ ግዴታ የለብዎትም። አፍ መክፈቻ ለሁለት ማዘዝ፣ ወይም ዋናውን ብቻ በልቶ በሻይ መደምደም ነውር የለበትም። ሹካና ቢላዋ ብዙ ሆኖ ከተደረደረ ከውጭ ያለውን ቀድሞ አንስቶ ወደ ውስጥ መግባት ነው፤ ሌላው ሕግ ሁሉ ትርፍ ነው። የሁሉም ሰው ሳህን እስኪደርስ መጠበቅ ግን ጨዋነት ነው፣ በተለይ ታላላቆች ካሉ። ቄስ ወይም አዛውንት አብረው ከተቀመጡ ደግሞ ማዕዱ ይባረካል፤ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የማይባረክ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። የየግል ሳህኑ የሚከብዳቸው እናት አባት ይዘው ከሄዱ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት አዝዞ «መሐል ላይ አድርጉልን» ማለት ይቻላል። ጥሩ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስቀይመውም። ጉርሻም በሹካ ያምራል።

ባንኮኒው ጋ ትንሽ ረዘም እንበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸሸው እሱን ነው። ኮክቴል ምስጢር የለውም። ጠንካራ መጠጥ፣ ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ ወይም መራራ ነገር፣ ከዚያ ብዙ በረዶ። በረዶው የሚያቀዘቅዝ ብቻ ሳይሆን እየቀለጠ ውሃ የሚጨምር አንዱ ቅመም ነው። ጭማቂ ያለበት በሼከር ይናጣል፤ መጠጥ ብቻ የሆነው በማንኪያ ቀስ ብሎ ይማሰላል። ለንደን በዚህ ሙያ ስመ ጥር ናት። በሳቮይ ሆቴል የአሜሪካን ባር ኤዳ ኮልማን የተባለች ሴት ለሃያ ዓመት ያህል ዋና ባርቴንደር ነበረች፤ ተተኪዋ ሃሪ ክራዶክ በ1930 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሳቮይ የኮክቴል መጽሐፍ ዛሬም በየባሩ መደርደሪያ ላይ አለ። በ1980ዎቹ ዲክ ብራድሴል ቮድካን ከኤስፕሬሶ፣ ከቡና ሊከርና ከስኳር ጋር ንጦ፣ ዛሬ ኤስፕሬሶ ማርቲኒ የሚባለውን ፈጠረ። ላዩ ላይ የሚቀመጠው አረፋ የሚመጣው በማሽን ግፊት ከወጣው ቡና ነው፤ በጀበና ቡና ቢሞክሩት ጣዕሙ ይኖራል፣ አረፋው ግን ይከዳዎታል።

ላስታ በራሷ መንገድ የምትገባበት መጠጥ ግን ሌላ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለመደ ቢስ ኒስ የሚሉት ኮክቴል አለ፤ ጂን፣ ሎሚና ማር ብቻ። 60 ሚሊ ሊትር ጂን ካለ ሎሚውና የማሩ ሲሮፕ እያንዳንዳቸው 25 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይሆናሉ። የውጭ አገር ባርቴንደር የሚቸገረው ማሩ በረዶ ሲነካው ስለሚጠጥር ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ በለብ ባለ ውሃ እኩል በእኩል ያቀጥነዋል። ብርዝ እየጠጣ ያደገ ሰው ግማሹን ሥራ ከእናቱ ተምሯል ማለት ነው፤ ብርዙን ወፈር ማድረግ ብቻ ይቀረዋል። ማሩም ቢሆን ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት ተብሎ የሚተረክበት አገር ማር ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በቢልባላ ጊዮርጊስ ንቦች በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰፍረው ማር ይሠራሉ፣ ሰዉም ለፈውስ ይወስደዋል። ጂኑን የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ይሠራል፣ ሎሚው ከቆላው ይወጣል። ከበረዶው በስተቀር ሁሉም የአገር ነው፤ በረዶውም መብራት ካለ አለ።

ጠጅን ከጂን ጋር መቀላቀል ግን አልወድም። ጠጅ ማሩን፣ ውሃውንና ጌሾውን ይዞ በራሱ ያለቀ መጠጥ ነው። ደረቅ ጠጅ ከምግብ በፊት በትንሽ ብርጭቆ ቢቀርብ የፈረንሳይን ነጭ ወይን ጠጅ ይተካል፤ በብርሌ ጠግቦ መጠጣትና አዝማሪ መስማት ለሚፈልግ ደግሞ እዚያው ላሊበላ ቶርፒዶ ጠጅ ቤት አለለት። አልኮል የማይጠጣም ባንኮኒውን አይፍራ፤ ያው ብርዝና ሎሚ ያለ ጂን በበረዶና በአምቦ ውሃ ተሞልቶ ሲመጣ ማንም ምን እንደጎደለው አይጠይቅም። ከቆላ ወይም ከባሕር ዳርቻ በአውሮፕላን የመጣ እንግዳ ግን የመጀመሪያውን ቀን በውሃ ቢያሳልፈው ይሻላል። ከፍታው በራሱ ራስ ያሳምማልና መጠጥ ሲጨመርበት ይብሳል።

ሒሳብ ሲመጣ ሁለት ነገር ይመልከቱ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አንዳንዱ ሜኑ ዋጋው ውስጥ ያካትተዋል፣ አንዳንዱ ከታች ይደምረዋል። በትላልቅ ቤቶች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያም ሊኖር ይችላል፤ እሱ ካለ ጉርሻ መጨመር የእርስዎ ፈቃድ ነው። ለበሉት ምግብ መክፈል ራሱ ለእኛ አዲስ የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው ምግብ በገንዘብ መግዛቱን ነውር አድርጎ ስላልመጣ፣ አጤ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው፣ ራሳቸው ከፍለው አሳዩ ይባላል። ዛሬ ያ ነውር ጠፍቶ በቦታው «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» የሚለው ግብግብ ተተክቷል። ፈረንጆች ሒሳቡን ተካፍለው ሲከፍሉ ቢያዩ አይፍረዱባቸው።

እንዲህ ያለ ወጥ ቤት የሚሸምተው ከገበሬው ነው፤ ብሪታንያዊ ደንበኛ ደግሞ ለዚህ አገር ገበሬ አዲስ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር 44 ዝሆኖች ይዞ በዋድላና በደላንታ በኩል ወደ መቅደላ ሲገሰግስ፣ የላስታና የዋግ ገዢ ዋግሹም ጎበዜ መንገዱን አልዘጋበትም። ሠራዊቱ ለከብቱ ድርቆሽና ገብስ በማሪያ ቴሬዛ ብር ከገበሬው ይገዛ ነበር። ያ ደንበኛ ጥቂት ወራት ሸምቶ ሄደ። ምግብ ቤት ግን በየሳምንቱ ይሸምታል። የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ ከየቀበሌው እንቁላሏን በጭድ አድርጋ የምትመጣ ሴት፣ ድንች በአህያ የጫነ ገበሬ፣ ማሩን በቅል የያዘ ሽማግሌ ሁሉ ከእንዲህ ያለው ወጥ ቤት ጋር በማይታይ ክር ይያያዛሉ።

ክሩ ሲበጠስም አይተናል። መጀመሪያ ኮሮና በረራውን አስቆመ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ስትገላበጥ መብራት፣ ባንክና ስልክ ተቋርጦ ሕዝቡ በረሃብ ተቀጣ። ትንሽ ስታንሰራራ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሌላ ግጭት መጣና በረራው እንደገና ቆመ። አስጎብኚው፣ አስተናጋጁ፣ ዶሮ አርቢዋ በአንድ ቀን ሥራ ፈቱ። በእነዚያ ዓመታት ጎልቶ የታየው ነገር በውጭ እንግዳ ብቻ የቆመ ቤት በረራ በቆመ ቁጥር እንደሚዘጋ ነው። ከወልድያ፣ ከደሴ፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ ቤተሰብ፣ የምረቃ ግብዣ የሚያደርግ መምህር፣ ቀለበት የሚያስሩ ሙሽሮች ቢለመዱ ግን ወጥ ቤቱ እሳቱን አያጠፋም፤ ለዚህ ደግሞ ቤቶቹም የአማርኛ ሜኑ ማተምና ለአገሬው አቅም የሚመጥን ሳህን ማዘጋጀት አለባቸው።

መሄድ ካሰቡ የገናን ሰሞን ይዝለሉት፤ ታኅሣሥ 29 ለሚከበረው በዓል ምእመናኑ ከየአገሩ ስለሚጎርፉ ጠረጴዛም አልጋም አይገኝም። ከጥር አጋማሽ እስከ ሁዳዴ መግቢያ ያለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ በጉም የፍስክ ነው። መከፈቱንና የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ፤ ሰብሰብ ብለው በጾም ቀን የሚሄዱ ከሆነ የምስሩን ምግብ ከአንድ ቀን በፊት ይዘዙ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከደረሱ ሰገነቱን በብርሃን ያገኙታል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ነፋሱ ይበረታልና ጋቢ ይያዙ።